የእትዬ ዘነበች በር

ሰው ከፎቶው ጋር የመመሳሰል ግዴታ አለበት እንዴ? እኔ የለበትም ባይ ነበርኩ። ፎቶ የተነሳሁ ቀን ፂም ነበረኝ፣ ከዚያ ተላጨሁ፣ በቃ። አንድ የሆቴል ጥበቃ እስኪያስተምረኝ ድረስ ይሄ የግል ጉዳዬ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ኪቦርድ እጫወታለሁ። አራት ሆነን ያቋቋምናት፣ ዳገት ባንድ የምትባል ባንድ አለችን። ስሙን ያወጣነው ልምምድ ቤታችን ፒያሳ ዳገቱ ላይ ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ኑሯችንም ሜዳ አልገጠመውም። ታዲያ በራሳችን ዝግጅት ቀን የሆቴሉ ጥበቃ በር ላይ አስቆመኝ። ከጎኑ የእኛው ፖስተር ተለጥፏል። «ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አልኩት። ፖስተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ፖስተሩን አየ። «እሱ ፂም አለው» አለኝ።

ፖስተሩን ብታዩት እናንተም አታስገቡንም። ድምፃዊያችን በሰርግ ሱፍ፣ ድራመራችን ታምሩ በኳስ ማሊያ፣ ጊታሪስቱ ጀርባውን ሰጥቶ። ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ የሚጠብቁ የማይተዋወቁ ሰዎች ነበር የምንመስለው። ክሊፓችን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ሜዳ ላይ፣ ከማናውቀው ፈረስ ጋር። ሦስታችን ፈረሱን እየፈራን መሆኑ ፊታችን ላይ ያስታውቃል።

የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ደሳለኝ ታግሰው ታግሰው አስጠሩን። ሙዚቃችንን እንደሚወዱት ነገሩን። ችግሩ ክሊፑን ያየ ሰው ፖስተሩን አያውቀውም፣ ፖስተሩን ያየ ደግሞ እኛን አያውቀንም። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ መልክ ያለው ክሊፕና ፖስተር ካላመጣችሁ የምትጫወቱበትን አርብ ለሌላ ባንድ እሰጣለሁ አሉ። ከአርብ ሌላ መድረክ የለንም።

የደረሰችልን የታምሩ እህት ማህሌት ናት። ዲዛይን ተምራለች፣ ስታስረዳም አትቸኩልም። እኔ በተከራየሁበት ግቢ ሰብስባን አንድ ቀለም፣ አንድ ፊደል፣ አንድ ቦታ አለችን። ከክሊፑ እስከ ቲሸርቱ፣ ሰው በጨረፍታ አይቶ «እነሱ ናቸው!» ማለት አለበት። አከራዬ እትዬ ዘነበች በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። የሚሰሙ አይመስሉም ነበር።

ማህሌት ከግቢው ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። የእትዬ ዘነበች በር ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ ያለ፣ ባለሁለት ተካፋች የድሮ የእንጨት በር ነው። አረንጓዴው ቀለም ተልጦ ከስሩ ቢጫ፣ ከቢጫው ስር ቡናማ ይታያል። እኔ ስድስት ዓመት ስገባና ስወጣ ቁልፉ እንደሚያስቸግር ብቻ ነበር የማውቀው። እሷ ግን «ይሄ ነው ፊታችሁ!» ብላ ጮኸች። እንዲህ ያለ ፊት አለኝ ብዬ አላውቅም ነበር።

በሩ ፊት ለፊት ቀረጻ ጀመርን። ስንገባ ቀረጽን፣ ስንጫወት ቀረጽን። በሩን ከፍተን የምንወጣባት የመጨረሻዋ ትዕይንት ስትቀር ዝናብ መጣና ለቅዳሜ አደረግናት። እስከዚያው ፖስተሩ ማተሚያ ቤት ገባ። ሲወጣ ወረቀቱ ላይ ያለው በር ውሃ ሰማያዊ ሆኗል! አታሚው ጥፋቱ የማሽኑ ነው አለ፣ ደግሞ ሰማያዊም ያምራል አለ። ማህሌት እንባዋ መጣ። ጊዜ ስላልነበረን ማን ያስተውላል ብለን ለጠፍነው።

ያስተዋለ ሰው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃችንን ተሸክመን ስንደርስ በሩ ያብለጨልጫል። ሙልጭ ያለ፣ አዲስ፣ ውሃ ሰማያዊ። እትዬ ዘነበች አጠገቡ ቆመው ፈገግ ብለዋል። ድልድዩ ጋ ፖስተሩን አይተው ቀለም ቀቢውን ወረቀቱን አስይዘው አስቀብተውታል። «ሰው ወረቀቱን አይቶ ቢመጣ፣ ሌላ በር ነው ብሎ እንዳይመለስባችሁ ብዬ ነው። አንድ ቀለም ያላችሁት እናንተ አይደላችሁ?» አሉን። የተላጠውን ግን አገር ሲያየው ስላፈሩ ዝም ብለው አስደፍነውታል።

ድምፃዊያችን ጫማውን ያያል። ታምሩ እኔን ያያል። ማህሌት ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ደግነት እንዲህ በር ድረስ ሲመጣ ሰው በምን አፉ ይቆጣል? ከዚያ ተነሳችና እትዬ ዘነበችን ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። «እሺ፣ በአረንጓዴው ገብታችኋል፣ በሰማያዊው ውጡ» አለችን። በሩን የሚከፍቱልንም እትዬ ዘነበች ራሳቸው ሆኑ።

ጋሽ ደሳለኝ ክሊፑን ያዩት ፖስተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነው። አረንጓዴው በር ሲመጣ ግንባራቸው ተቋጠረ። ወደ ወረቀቱ አዩ፣ ወደ ስክሪኑ አዩ። እኔ አርብን በልቤ ተሰናበትኳት። መጨረሻ ላይ ሰማያዊው በር ተከፍቶ እትዬ ዘነበች ብቅ ሲሉ ጋሽ ደሳለኝ ወንበራቸውን መቱ። «አሃ! አሁን ገባኝ!» አሉ። ምን እንደገባቸው አልጠየቅናቸውም። አርብ የእኛ ሆነች። ክሊፑን ያዩ ሰዎችም ትርጉሙ አሮጌውን ትቶ ወደ አዲሱ መሻገር ነው እያሉ ይጽፉልናል። ማህሌትም ስትጠየቅ ከመጀመሪያው የታሰበበት ነው ትላለች። ዓይኗን እንኳን አታሽም!

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ፖስተሩ አለቀና ድጋሚ አሳተምን። አታሚው ለካ ማሽኑን አስጠግኗል፣ ሊክሰንም ፈልጓል። ቁርጥ የድሮውን አረንጓዴ፣ ከነልጣጩ፣ አሳምሮ አወጣው። ከትናንት ወዲያ ድልድዩ ጋ ለጠፍነው።

ዛሬ ጠዋት ለልምምድ ስወጣ በሩ ላይ መሰላል ተደግፏል። ቀለም ቀቢው በአንድ እጁ ብሩሽ፣ በአንድ እጁ አዲሱን ፖስተር ይዟል። ግማሹ በር አረንጓዴ ሆኗል። «እትዬ፣ ይሄን የተላጠውንስ ምን ላድርገው?» ብሎ ፖስተሩን እያሳየ ጠየቀ። «እንደ ወረቀቱ!» አሉት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሰሞኑን ፂሜን ለቅቄው ነበር፤ ፖስተሩ ላይ ግን የተላጨሁ ነኝ። ፖስተሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግሞ ፖስተሩን አዩ።

ምንም ሳይሉኝ ተመልሼ ገብቼ ተላጨሁ።