ሳይገባ የተነቀነቀ ራስ

ልጅቱ በዚያ ሁሉ ምሁር ፊት ቆማ ድምፅዋ ቢጠፋባትስ? ማን ነው ቃሉን ከጉሮሮዋ የሚያወጣላት? ትናንት ከጧት ጀምሬ ይኸን ጥያቄ ሳመነዥገው ውዬ መልስ አላገኘሁለትም።

የልጅ ልጄ ትርሲት ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናት። አራት ዓመት የደከመችበትን የዶክትሬት ጥናቷን ትናንት በስምንት ሰዓት ፈታኞች ፊት ቆማ ታስረዳለች ተባለ። ዲፌንስ ይሉታል። ካለፈች አለፈች፤ ከወደቀች አራት ዓመቷን ውኃ በላው። ከቤት ስትወጣ ፊቷ ዐመድ መስሏል። እህል ቅመሽ ብዬ ብለምናት፣ ካለፍኩ እበላለሁ አለችኝ። ይኸም አንድ ጭንቀት ሆነብኝ፤ ካላለፈች አትበላም ማለት ነዋ።

ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። ምን እንደምታጠና አራት ጊዜ ነግራኛለች፤ አራት ጊዜም ገባኝ ብያታለሁ። አንዱም አልገባኝም። ልጅ ወዟ እስኪወጣ ስታስረዳ አልገባኝም ማለት ነውር ሆኖ ይታየኛል። እኛ ያደግነው የተማረ ሰው ሲናገር ራሳችንን እየነቀነቅን ነው። እንግዲህ ይኸን ሁሉ ይዤ፣ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለሁ፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ጣለኝ። ያየሁት ሕልም ይኸውላችሁ።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሜአለሁ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ወርዷል፤ የተሰለፉት ሁሉ ካባ የደረቡ ፕሮፌሰሮች ናቸው። ዘበኛው አህያ ነው። ኮፍያው ለጆሮዎቹ ሁለት ቀዳዳ ተበጅቶለታል። የሚፈትሸው ኪስ አይደለም፤ ዕውቀት ነው። ዕውቀት ይዞ ወደ ግቢው መግባት ክልክል ሆኗል።

«እማማ፣ የማያውቁትን አንድ ነገር ያሳዩኝ» አለኝ በትሕትና።

ቦርሳዬን በረበርኩ። ከመሀረቤ ሥር «ጨረቃ ቀን ቀን የት እንደምትውል አላውቅም» የሚል አገኘሁና ሰጠሁት። አገላብጦ አየው፤ በጥርሱም ነከስ አድርጎ ሞከረውና እውነተኛ ነው ብሎ አሳለፈኝ። ከኋላዬ የቆመ አንድ ጢማም ፕሮፌሰር እሱን እኔ አውቀዋለሁ ብሎ ጥልቅ ሲል፣ አህያው ወደ ሰልፉ መጨረሻ መለሰው። ይኸ ሰውዬ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሞ የማያውቀውን ነገር ሲፈልግ መክረሙን ሰዎች ነገሩኝ። አሳዘነኝ። ከቦርሳዬ አንድ ላበድረው አሰብኩና የልጄ ጉዳይ ትዝ ሲለኝ ትቼው ገባሁ።

ስገባ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነኝ። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሰዎች ናቸው፤ እየመጡ የሚዋሱት መጻሕፍቱ ናቸው። አንድ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ አንድ ሽማግሌ ዳኛ በብብቱ ሸጉጦ ሲወጣ አየሁ። እስከ የት እንዳነበበው እንዳይጠፋው የዳኛውን የጆሮ ጫፍ አጥፎታል። ዳኛው የለመደው ይመስላል። ሰው እንዲህ አይታጠፍም ብዬ ልቆጣ ስል፣ ከኋላ የሆነ ነገር ቀሚሴን ጎተተኝ። ዞር ብል የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ ደብተሬ ነው። አላረጀም። እኔን ግን ዓይቶ ደነገጠ።

«አንቺን ከገጽ ሰባት በላይ አላነበብኩሽም» አለኝ።

«ምነው?»

«መምህሩ ገባሽ ወይ ሲሉሽ አዎ አልሽ። የገባውን ሰው ምን ብዬ አነበዋለሁ? ዘግቼሽ ሄድኩ።»

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ የልጅ ልጄ የት እንዳለች አይተሃት እንደሆን ንገረኝ አልኩት። እሷ እንኳ አሁን ልትፈተን ነው፣ ፈታኝ ጎድሎ ሰዎች በየቦታው እየፈለጉ ነው አለኝና በገጹ ጫፍ መንገዱን አመለከተኝ።

ሩጫ በማይሆንልኝ ጉልበቴ ሮጥኩ። ሕልም ደግ ነው፤ ጉልበቴ አልጮኸም። በመንገዴ አንድ የመማሪያ ክፍል በሩ ተከፍቶ አየሁ። መምህሩ ላብ በላብ ሆኖ ያስተምራል። ከአፉ የሚወጣው፣ ተማሪዎቹ ያልገባቸው ቃል ሁሉ ድንጋይ እየሆነ ወለሉ ላይ ዱብ ዱብ ይላል። ድንጋዩ ጉልበቱ ድረስ ደርሶበታል። ተማሪዎቹ አንዳንድ መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል፤ ነገር ግን አይጠርጉም። ደንቡ ያፈሰሰው ራሱ ይጥረግ ይላል። ሰውዬው በመጨረሻ ደከመውና «ውኃ ሲፈላ ክዳኑ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ነበር ልነግራችሁ የፈለግሁት» አለ። ይኸኛው ቃል አልወደቀም። በክፍሉ ዞረ፤ የተማሪዎቹን ፀጉር ነካ ነካ አደረገና በመስኮት ወጣ። ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አይሉም ነበር ወይ ብላ አንዷ ተማሪ መጥረጊያዋን አቀበለችው።

እንግዲህ አዳራሹ ደረስኩ። ትርሲቴ መድረኩ ላይ ቆማለች። ፊቷ እንደጧቱ ነው። ሦስት የፈታኝ ወንበር አለ። አንደኛው ላይ ያ አህያ ተቀምጧል፤ መቼ እንደቀደመኝ እንጃ። ሁለተኛው ላይ የኛ ሰፈሯ ድንች ሻጭ አበቡ፣ ሚዛኗን ጭኗ ላይ አድርጋ። ሦስተኛው ባዶ ነው። ሰዎቹ ተቀብለው ካባ ደረቡልኝና እዚያ አስቀመጡኝ። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ።

እሰይ አልኩ በሆዴ። እንግዲህ ማን ሊጥላት ነው? እኔ እያለሁ?

አህያው መነጽሩን አድርጎ ደንቡን አነበበ። እዚህ ፈታኝ የሚሆነው የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ተፈታኟ የማያውቀው ሰው እስኪገባው ታስረዳለች። ፈታኝ ሳይገባው ራሱን የነቀነቀ እንደሆነ ግን፣ በእያንዳንዱ ንቅነቃ ተፈታኟ አንድ ስንዝር ታጥራለች። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን በላው።

ትርሲት ጀመረች። ትልልቅ ቃላት ናቸው። እነዚያኑ አራት ጊዜ የነገረችኝን ነው የምትለው። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሆዴ አልቻለም፤ አይዞሽ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ትርሲት አንድ ስንዝር አጠረች። ደነገጥኩና ይቅርታ ለማለት ደግሞ ነቀነቅሁ። ሌላ ስንዝር። ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ እጆቼ ከነራሴ ይነቀነቁ ጀመር። ነጠላዬን አውልቄ ራሴን ከወንበሩ ጋር አሰርኩት። ወንበሩ ነቀነቀ። ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አከለች፤ ከዚያ የአራት ዓመት፤ ከዚያ የውኃ ጆግ። አሁንም ትናገራለች፣ ድምፅዋ ግን የጫጩት ሆኗል። አንድ ንቅነቃ ብትጨመር እንደምትጠፋ ገብቶኛል። ከዚያ ሁሉ የገባኝ እሱ ብቻ ነበር።

አበቡ ወደኔ ዘንበል አለች።

«እትዬ የሺ፣ ልጅቱን ጨረሷት እኮ። ድንች ሲገዙ አንዷን ሦስት ጊዜ ገልብጠው አይተው፣ አፍንጫዎም ላይ አድርገው ነው። እዚህ ሲሆን ጆንያውን በጅምላ ማንሳት ምንድን ነው?»

እውነቷን ነው። ግን ያቺ ቃል ከደረቴ አትወጣም። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ እዚያው ተቀምጣ ሥር ሰዳለች። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው፤ ጎረቤት አለ፣ የዕድር ሰው አለ፣ የሞተው ባለቤቴ ሳይቀር ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ልጅቱን ሰው ፊት ላሳፍራት ነው? ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። ጆግ የምታህለዋን ልጄን አየኋት። ዓይኔን በጨው አጠብኩና አልኳት።

«አልገባኝም፣ ልጄ።»

አሁን ይስቁብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እነሱ ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው እልልታውን አቀለጡት። አህያው እንባውን በጆሮው ጠረገ። ቀና ስል ትርሲት አንድ ስንዝር አድጋለች።

«የቱ ጋ ነው ያልገባሽ፣ እቴቴ?» አለችኝ።

«ከመጀመሪያው።»

ሌላ ስንዝር አደገች። ከዚያ ካባዋን አውልቃ መድረኩ ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠች። ልጅ ሆና እንደምታደርገው። አስተማሪ ተማሪዎቹን ገባችሁ ሲላቸው አዎ እንደሚሉት አታውቂም? እኔ ያጠናሁት ያ አዎ ከየት እንደሚመጣ ነው አለችኝ። ሁለት መቶ ተማሪዎችን አፍ ለአፍ ስትጠይቃቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ገብቶናል አሉ። እነዚያኑ ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት መልሱልኝ ስትላቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምንም አልገባንም ብለው ጻፉ። ብጣሿን ወረቀት በየቀኑ የሰበሰበ አስተማሪ ያልገባቸውን ለይቶ ይደግምላቸዋል፤ የእሱ ተማሪዎች ያልፋሉ። ይኸው ነው አለች።

«ከፍርሃት ነዋ የሚመጣው» አልኳት፣ አዎ ያለችውን ነገር ማለቴ ነው።

«እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር። ብዙዎቹ ግን ፍርሃት አይደለም ያሉኝ። መምህሩ ሲለፋ አሳዘነን ነው ያሉት።»

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቤቱ በሙሉ ደግሞ እንደሚታየው ሆነብኝ። መምህሬን አስታወስኩ፤ ክረምት ላይ ጫማቸው ውኃ ያስገባ ነበር፣ ድምፃቸው ተዘግቶ እንኳ ያስተምሩ ነበር። እኔ አልፈራኋቸውም፤ አዘንኩላቸው እንጂ። ይኸን ለትርሲት ስነግራት ቁመቷ ተመለሰ፤ እንዲያውም ከበፊቱ ትንሽ ሳትጨምር አልቀረችም። አበቡ ልጅቱን በሚዛኗ ላይ አውጥታ መዝና ሙሉ ናት አለች። አህያው ሰብሳቢዋ ይፍረዱ አለኝ። ራሴን ከወንበሩ ፈታሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ልነቀንቅ አንገቴን ቀና ሳደርግ፣ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

ነቃሁ። ፀሐይዋ ከበረንዳው ሄዳለች። ትርሲት አበባ ታቅፋ ከፊቴ ቆማለች።

«አለፍኩ፣ እቴቴ።»

ተነሥቼ ከእግሯ እስከ ራሷ አየኋት። ሙሉ ናት። እጄን ራሷ ላይ ጫንኩና ቁመቷን ለካሁ፤ ምነው ስትለኝ ተይኝ አልኳት። ደረቴ ላይ ከጧት ጀምሮ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ተነሣ፤ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም። ጎረቤት ሁሉ የሰማውን እልልታ ያቀለጥኩትም ያኔ ነው። ትርሲት ወጥ ቤት ገብታ ቆማ መብላት ጀመረች። አበላሏን ሳይ ደግሞ አለቀስኩ።

ሳሎን ስገባ እንግዳ አለ። አማካሪዋ ዶክተር ምንተስኖት ናቸው፤ እንኳን ደስ ያለዎት ሊሉኝ ይዘዋት መጡ። ለስላሳ ቀዳሁላቸው። ጎርሳ እየመጣች ያለችውን ትርሲትን ምን ጠየቁሽ አልኳት። ምንም አለች። አራት ፈታኞች ነበሩ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታስረዳ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፣ በጣም ግሩም ነው አሉ፣ አጨበጨቡ። አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። ይኸን ስትለኝ ፊቷ ደስ ብሎትም ቅር ብሎትም ነበር።

ዶክተሩ ግን ደስታቸው ወሰን አጥቷል። እማማ፣ ይኸ እኮ እጅግ ጥልቅ ሥራ ነው፣ አራት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ገጽ አብሬያት አይቻለሁ፣ ለአገርም ለወገንም የሚተርፍ ነው አሉኝ። እኔም ልቤ ስላረፈ ነው መሰል ድፍረት መጣብኝ።

«ዶክተር፣ እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። እስቲ እንዲገባኝ አድርገው ይንገሩኝ፤ ልጄ ምን አገኘች?»

መልካም ጥያቄ ነው አሉ። ከለስላሳው ተጎነጩ። ወደ ትርሲት አዩ። እሷ አፏ ሙሉ ነው፤ ማላመጧን አቁማ እሳቸውን ትጠብቃለች። እኔም ራሴን ሳልነቀንቅ እጠብቃለሁ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ አንሥተው ደግሞ ትንሽ ፈቀቅ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ ያልጮኸ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና ጆሯቸው ላይ ለጠፉት፤ ኮታቸውን ከወንበሩ አነሡ፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በሩን ከፍተው ወጡ።