ከጆሮዬ ጀርባ የገባው የመቱ ጋኔን

የዶርም ልጆች፣ የዛሬውን ብነግራችሁ የቀለድኩባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ለማንኛውም አንብባችሁ ተቀባበሉት፤ ለእያንዳንዳችሁ መጻፍ አልችልም።

ዛሬ ጋኔን ሆኜ ዋልኩ።

ምደባዬ መቱ መሆኑን ታውቃላችሁ። መኪና እንዴት እንደሚያመኝም ታውቃላችሁ፤ ከስድስት ኪሎ መገናኛ እንኳን ፌስታል ይዤ ነበር የምሳፈረው።

ባለፈው ሳምንት ለሥራው ሪፖርት ላደርግ ስነሳ መርከበኛው የአክስቴ ልጅ ክፍሉ መላ አመጣልኝ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ ትንሽዬ ፕላስተር። ማዕበል ሲነሳ እንዳያስመልሳቸው እነሱ መርከብ ላይ የሚለጥፉት ነው።

«ስታነሺው ግን...» ብሎ ጀመረ።

«እሺ፣ ገባኝ» አልኩት።

ምን እንደገባኝ እንጃ።

ብቻ ሠራ። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ተኝቼ ሄጄ ተኝቼ መጣሁ። የመጣሁት ዕቃዬን ሸክፌ ነገ ጠቅልዬ ልሄድ ነው። ቤት እንደገባሁ ፕላስተሩን ላጥኩና ጣልኩት። በዚያው እጄ ዓይኔን አሸሁ።

በማግሥቱ ቤታችን መርከብ ሆነ።

ግድግዳው ይሄዳል፣ ወለሉ ይመጣል። ወጥ ሲሸተኝ ያስመልሰኛል። ስቆም ወደ ግራ እጋደላለሁ። ለካ ክፍሉ ሊለኝ የነበረው ይኼን ነው፤ መድኃኒቱን ስታቆሚ ለጥቂት ቀን ያዞርሻል። ምስክር ይሁነኝ እንዳልል ባሕር ላይ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ መጀመሪያ ያዩት ሆዴን ነው። ገብቷችኋል። ቀጥለው ዓይኔን አዩ። መድኃኒት በነካው እጄ ያሸሁት ዓይን ብሌኑ ሰፍቷል፣ ሌላኛው እንደነበረ ነው።

«በዚህኛው ዓይኗ የሚያየን ሌላ ነው» አሉ ለእማዬ።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘውኝ የእንጦጦን ዳገት ወጣን። ባሕር ዛፉ ሁሉ ይወዛወዛል፤ ነፋስ ይሁን እኔ አላውቅም። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። ያን ሁሉ ሸክም ይዘው፣ ለእኔ።

ለምን እምቢ አላልሽም ትሉኛላችሁ። ስትቆም የምትወድቅ ሰው ምን ብላ እምቢ ትላለች?

ጸበሉ በረዶ ነው። ተንቀጠቀጥኩ። ሕዝቡ «ጀመራት» አለ። አጥማቂው አባ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ጠየቁ።

«ከየት መጣህ?»

እኔ ደግሞ ስጠየቅ ዝም ማለት አላውቅም።

«ከመቱ።»

«በምን መጣህ?»

«በአውቶቡስ።»

«በየት በኩል ገባህ?»

«ከጆሮዬ ጀርባ። ፕላስተር ነው አባ፣ መድኃኒት ነው፣ ስለላጥኩት ነው ያዞረኝ። የማወራውም እኔ ነኝ።»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» አሉ አባ፣ በትዕግሥት።

ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ይኼ ደግሞ የተማረ ነው» አለች።

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት?

«መቼ ትሄዳለህ?»

«ነገ ጠዋት!»

እልልታው ቀለጠ። እማዬ በደስታ ስታለቅስ ሰማኋት።

«ወዴት ትሄዳለህ?»

«መቱ ነዋ፣ ቤት ተከራይቻለሁ።»

እልልታው ቀጥ አለ።

«አባ» አለች እማዬ፣ «እንግዲያው ቤቱ ድረስ ልጄን እንዴት አድርጌ ልላክለት?»

አባ መስቀሉን ከግንባሬ አነሱ። ሁለት ሱባኤ እየተጠመቀች ትቆይ አሉ።

አለቀ። በገዛ አፌ።

አሁን ሻንጣዬ እትዬ ዘውዴ አልጋ ሥር ነው። ቁልፉ እማዬ አንገት ላይ፣ ከማተቧ ጋር። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ረጋ እያለልኝ ነው፤ እነሱ ጸበሉ ነው ይላሉ፣ እኔም የምከራከርበት ጉልበት የለኝም።

ነገ አውቶቡሱ ያለ እኔ ይሄዳል። የቀረሁበትን ምክንያት ቶሎ ካላሳወቅኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አለቃዬ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የማርክሲዝም ውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነው። ጋኔን ይዞኝ ነው ብል ንቃት የላትም ብሎ ይገመግመኛል። ፕላስተር ስላነሳሁ ነው ብል፣ የወለደችኝ ያላመነችውን እሱ በምን ያምናል?

እስቲ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ኤ ያመጣችሁ፣ ንገሩኝ፤ ጋኔን በሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?