ከአክስቴ ጋር የተወዳደረው ማሽን

የሜካኒካል ምህንድስና ማስተርስ የሚማር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ተጠንቀቁት፤ ሻይ ስታማስሉ እንኳ “ይሄ እኮ በማሽን ይቀላል” ይላችኋል። በምን አወቅህ ካላችሁኝ፣ አንዱ እኔ ነኝ።

አማካሪዬ “የእንሰት መፋቂያ ማሽንህ ከሰው እጅ ካልፈጠነ መመረቅ የለም” ስላሉኝ፣ ከሶዶ አይሱዙ ላይ ጭኜ ገሱባ፣ አክስቴ ጓሮ አወረድኩት። ከእሷ ጋር ላወዳድረው ሰዓት ያዝኩ። አክስቴ በቀርከሃ መፋቂያዋ እየዘመረች ድርሻዋን ስትጨርስ፣ ማሽኔ ቃጫ ተጠምጥሞበት ቀጥ ብሏል። አዘነችለት መሰለኝ፣ ቃጫውን በጣቷ መዝዛ አወጣችና ጎኑን መታ መታ አደረገችው።

“አትቆጣው ልጄ፣” አለችኝ፣ “እሱም ገና ተማሪ ነው።”

የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ “ወደፊት ሊሻሻል የሚገባው” የሚል ክፍል አለ። ምን ልዋሽ? እውነቱን ጻፍኩ፦ “ማሽኑ አክስቴ ዘንድ ኢንተርንሺፕ ይውጣ።”