ለክረምት የተሰናዳችው መኪና

መኪና ያለው ሰው ክረምት ሲቃረብ ትንሽ ያብዳል። እኔን ትንሽ አልበቃኝም ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ፍኖተ ሰላም እንኖራለን፤ በጨረታ የገዛኋት አሮጌ ፒካፕ አለችኝ። ግንቦት ላይ ሚስቴ ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ፣ ማንኩሳ አጠገብ ባለው በሚስቴ አገር ደብር እንዲሆን ተባለ። ያን መንገድ በክረምት አይታችሁታል? በቅሎ እንኳ አስባ ነው የምትረግጠው። እኔ ግን ልጄን በገዛ መኪናዬ እንደማደርሳት ለዘመድ ሁሉ አውርቻለሁ።

መኪናዋን ግቢው መሃል ድንጋይ ላይ ሰቀልኋት። ጎማዎቹን ጥርስ ባላቸው ለወጥሁ፤ ፍሬኑን አሳየሁ፤ የዝናብ መጥረጊያ ቀየርሁ፤ ኋላዋ እንዳይንሸራተት ሁለት ጆንያ አሸዋ ጫንሁ። ጡሩምባው ሳይቀር ተጠገነ፤ ጭቃ ለጡሩምባ መንገድ የሚለቅ ይመስል። ፍሪሲዮኑ ብቻ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ።

በዚህ መሃል አራሷን ሊጠብቁ የሚስቴ እናት ከገጠር መጡ። እሳቸው ባዶ አፈር አይተው ማለፍ አይችሉም። አንድ ጧት ስወጣ ከግቢው በር እስከ መኪናዋ ቆፍረው በቆሎ ይዘራሉ።

«እንዲህ ያለ መሬት ጦሙን ሲከርም ነውር አይደል፣ አንቱ?» አሉኝ።

እኔና አማቴ አንቱ ነው የምንባባለው። አንቱ የሚሉትን ሰው እንዴት አድርገው የመኪና መውጫ ይተዉልኝ ይሉታል? ነውር ነው አልሁ። ይባስ ብዬ ማዳበሪያ ገዛሁላቸው።

ፍሪሲዮኑ መጣ፤ ተገጠመ፤ መኪናዋ ተነሣች። በቆሎውም ተነሥቷል። ሐምሌ ሲያልቅ አናቴን በልጦ መኪናዋን ከእይታ ሰወራት።

በክርስትናው ዋዜማ ሚስቴን ለመንኋት፤ እናትሽን አስፈቅጅልኝ፣ ጎማ የሚያሳልፍ ብቻ ይቆረጥ አልኋት። አበባ ያወጣ በቆሎ ቆርጦ ልጅ ለማስጠመቅ መሄድ ከየት የመጣ ነው አለችኝ። ማጭድ ይዤ ወጣሁ። ቆሜ አየሁት። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ማጭዱን መለስሁ፤ አፈርሁም፣ ተናደድሁም።

ልጄ እስከ ማንኩሳ በጋሪ፣ ከዚያ በአያቷ ጀርባ ሄዳ ተጠመቀች። ዘመድ ሁሉ ስለ መኪናዋ ጠየቀኝ። እየተሰናዳች ነው አልሁ።

አማቴ እሸቱን ሳላይ አልሄድም ብለው ከረሙ። መኪናዋን የበቆሎ መጠበቂያ ማማ አደረጓት። ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጠው ወፍ ሲያርፍ፣ ጥጃ ሲገባ ጡሩምባውን ይነፋሉ። ያስጠገንሁት ለካ ለዚህ ኖሯል።

ኅዳር ላይ በቆሎው ተሰበሰበ። መኪናዋን አስነሥቼ አቧራ ወደሚጨስበት መንገድ አወጣኋት። አማቴ በር ላይ ቆመው አዩን።

«ተመስገን ነው» አሉ። «የሰው መኪና በየጭቃው ሲሰበር፣ የእርስዎ ክረምቱን በደኅና ወጣችልዎ። ለከርሞ ግን ሌላ ቦታ ያቁሟት፤ የቆመችበት መሬት ጦሙን ከርሟል።»