የዋይፋያችን የይለፍ ቃል

ይህን ገድል ለትውልድ ያቆየልን ራሱ ባለ ገድሉ፣ የመምሪያ ኃላፊው ነው። ታላላቅ ሰዎች ሕዝብ ፊት ከመቆማቸው በፊት ብዙ ይለፋሉ፤ እሱም ሁለት መስመር ትእዛዝ በቀኝ ሌባ ጣቱ ያለ ስህተት ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ለፍቷል። ትእዛዞቹ በኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ ሲጻፉ የዋይፋዩን ዝርዝር መረጃ የሚያወጡ ናቸው። ያገኛቸው ከኢንተርኔት ገልብጦ ነው።

ልፋቱ በከንቱ አልነበረም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ገምጋሚዎች መጥተው አዲስ ለሚከፈተው የዲጂታል ሽግግር ክፍል አለቃ ሊመርጡ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ያቺን ወንበር ክፉኛ ይፈልጋታል። ችግሩ፣ ኃላፊ በሆነበት ሦስት ዓመት ውስጥ የዋይፋዩን ፓስወርድ እንኳ አላወቀም። በጠየቀ ቁጥር የአይቲ ባለሙያዋ እሱ ለምን ይደክማል ትልና ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዙራ ታስገባለታለች። እሱም ይህን የአክብሮት ጥግ አድርጎ ለሚስቱ ሲያወራ ኖሯል።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ፣ ፕሮጀክተሩ በራ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ ተቋሙ ከማውዝ ወደ ትእዛዝ የተሸጋገረበትን ታሪካዊ ምዕራፍ አበሰረ፤ ግልጽነት የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ አነሳ። ከዚያ የመጀመሪያውን መስመር ጻፈ። የኔትወርኩ ስም ወጣ፣ ፍጥነቱ ወጣ፣ የሲግናሉ ጥንካሬ ዘጠና ስድስት በመቶ ሆኖ ወጣ። ሲግናሉን ወልዶ ያሳደገው ይመስል ደረቱን ነፋ። ተጨበጨበለት፤ ገምጋሚዎቹም ማስታወሻ ያዙ።

በዚህ ቢበቃው ኖሮ ዛሬ የት በደረሰ፤ ይህን እሱም እየሳቀ ያምናል። ግን ጭብጨባው ጣፈጠውና ሁለተኛውን መስመር ጻፈ። በመስመሩ ጭራ ላይ ያለችው ቃል የተደበቀውን ፓስወርድ ገልጣ የምታወጣ መሆኗን አላወቀም። እዚያው ስላገኛት ብቻ ነው አብሮ የገለበጣት።

የአይቲ ባለሙያዋ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች። "ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቢበቃንስ?"

"ቁጭ በይ የኔ ልጅ" አላት፤ "ግልጽነት ነው ያልነው።"

ከታች በኩል አንድ በላቲን ፊደል የተጻፈ ረጅም ቃል ወጣ። ኃላፊው ከባድ የቴክኒክ ቃል መሰለው። ማይክሮፎኑን ጠጋ አድርጎ፣ እየቆራረጠ አነበበው።

"ዚም... ብሌህ... እሺ... በለው።"

እንግዶቹ በደንብ እንዲሰሙት ደግሞ ቀጥ አድርጎ ደገመላቸው። "ዝም ብለህ እሺ በለው።"

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ሁሉ የገዛ ጫማውን መመርመር ጀመረ። ኃላፊው ላብ አጠመቀው፤ አፈረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ሐሳብ ሁሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ያለፈው በብስለቱ መስሎት ነበር።

"ይሄ... ስለ እኔ ነው?" አላት፣ ማይክሮፎኑን ማጥፋት ረስቶ።

"ኧረ በፍጹም ጋሼ" አለች ባለሙያዋ። "ከእርስዎ በፊት ለነበሩት ኃላፊ የወጣ ነው። እርስዎ ሲመጡ የነበረ ነው።"

ከላዩ ላይ ሸክም የወረደለት መሰለው። ወዲያው ወደ ገምጋሚዎቹ ዞሮ በቀድሞው አመራር ዘመን ሠራተኛው ሐሳቡን በነፃነት መግለጽ የማይችል እንደነበር፣ ይህም ችግር በአሁኑ ወቅት ሙሉ በሙሉ መቀረፉን በሰፊው አብራራ። ገምጋሚዎቹ ይህንንም ጻፉ። ወንበሯ ተመልሳ ልትቀርበው ምንም አልቀራትም ነበር። እሱ ግን ነገሩን መልክ ማስያዝ ፈለገ።

"ታዲያ እሳቸው ሲሄዱ ለምን አልቀየራችሁትም?"

ባለሙያዋ ባልደረቦቿን ዞር ብላ አየች።

"ልንቀይረው ነበር ጋሼ" አለች በትሕትና። "አንድ ሳምንት እርስዎን አየንና ተውነው።"