የሙናን ምሳ ማን ከፈለ?

ሁለት ሀበሾች ምግብ ቤት ገብተው በሂሳብ ሳይጣሉ የወጡበት ቀን ካለ እኔ አልሰማሁም። አንዱ እጁን ኪሱ ሲከት ሌላው «እኔ እያለሁ!» ብሎ ይነሳል። ክርን ይያዛል፣ ኮት ይጎተታል፣ «በሞቴ» ይባላል፤ ዳር ሆኖ የሚያይ ፈረንጅ ፖሊስ ልጥራ አልጥራ እያለ ያመነታል። ብልጡ ግን አይታገልም። እጁን ሊታጠብ የሄደ መስሎ ይነሳና ከፍሎ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ተመልሶ ይቀመጣል። ከእሱም የረቀቀ አለ። ሌላ ጠረጴዛ ለተቀመጠ ለማያውቀው ሰው ከፍሎ፣ ስሙን ሳይናገር ውልቅ የሚለው። እኛ ይህን ሰው ጨዋ እንለዋለን። የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ግን አድኖ የሚይዘው ሰው ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም የሙና ነገር እስኪመጣ ድረስ አላምንም ነበር።

ሙና የኮምቦልቻ ልጅ ናት። በሩጫዋ ስኮላርሺፕ አግኝታ እዚሁ አትላንታ ካለ አንድ ኮሌጅ ስትመጣ፣ ከኤርፖርት በታክሲዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ሂሳቡን የከፈለኝ ኮሌጁ ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ሚስ ዶረቲ የማታነበው ነገር ስለሌለ ነው።

ሚስ ዶረቲ የኮሌጁ የኮምፕላያንስ ኃላፊ ናት። ሥራዋ አሰልጣኞችና ተማሪ አትሌቶች ከደንብ ፈቀቅ እንዳይሉ መጠበቅ ነው። ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ጫማዋ ኮቴ የሌለው ሴትዮ ናት። ትናንት ማታ ቤትህ ያወራኸውን ዛሬ ጠዋት ፈገግ ብላ ትጠይቅሃለች። ዘወር ስትል ከኋላህ ቆማ ታገኛታለህ፤ መቼ መጣች? አይታወቅም። የሙና አሰልጣኝ ግድግዳ የሚያክል ሰው ነው፣ ስሟን ሲጠራ ግን በሹክሹክታ ነው።

እኔን ያወቀችኝ በእራት ትኬት ነው። የአገሬ ልጅ ትሮጣለች ብዬ፣ ለኮሌጁ አትሌቲክስ መርጃ በተዘጋጀ እራት ላይ ትኬት ገዛሁ። በዚያች ትኬት ቡስተር ሆንኩ። ቡስተር ማለት የኮሌጁ ስፖርት ደጋፊ ማለት ነው፤ ደጋፊ የሆነ ሰው ደግሞ ለተማሪ አትሌት ሻይ መጋበዝ፣ በመኪና መሸኘት ክልክል ነው። ወጉ የተገላቢጦሽ ነው እንግዲህ፣ የሚወዳት ሰው እንዳይረዳት ተከለከለ ማለት ነው። እስከ መቼ ነው ይህ ቡስተርነት ብዬ ሚስ ዶረቲን ብጠይቃት፣ ለዘላለም ነው አለችኝ። ብሞትስ? ስላት ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ እሱን አጣርቼ እነግርሃለሁ አለች። አልቀለደችም።

አንድ ቀን ባዶ ታክሲ ይዤ ስነዳ ሙናን በዶፍ ዝናብ አውቶቡስ ስትጠብቅ አየኋት። ፍሬን ያዝኩ። ራሷን ነቀነቀችና ጨርሶ እንደማታውቀኝ ሰው ፊቷን አዞረች። ጥያት ሄድኩ። እስከ ከተማው ጫፍ፣ እስከ ሳንዲ ስፕሪንግስ ድረስ፣ ባዶውን የኋላ ወንበር በመስታወት እያየሁ ነዳሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ሙና አቮንዴል እስቴትስ የሚባለውን ሰፈር አለፍ ብሎ ካለው የጋሽ ተካ ምግብ ቤት ምሳ ትበላለች። እኔም እዚያው አልጠፋም፤ ግን የየራሳችን ጠረጴዛ፣ የየራሳችን ሂሳብ። የጋሽ ተካ ሥጋ የክርስቲያን ስለሆነ እኔና ሙና ወይ ዓሣ ነን ወይ ሽሮ። እንግዲህ አንድ ቅዳሜ በልታ ስታበቃ ሂሳብ ብትጠይቅ፣ አስተናጋጇ እቴነሽ «ተከፍሎልሻል» አለቻት። ማን? እቴነሽ አላየችም፤ ብሩን ካሸሩ አጠገብ፣ ከስቴኪኒው ማስቀመጫ ሥር ነው ያገኘችው። ሙና ወደ እኔ ዞረች። ወላሂ እኔ አይደለሁም አልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብልሃት አበጀች፤ ገና ከበሩ ሳትገባ ብሯን ዘረጋች። እቴነሽ አንገቷን አቀረቀረችና «ኧረ ቀድሞ ተከፍሏል» አለች። በሦስተኛው ደግሞ ሙና ዓሣ አዝዛ፣ ዓሣው ሊጠበስ ሲል ሐሳቧን ቀይራ ሽሮ አለች። እቴነሽ ስቴኪኒውን አነሳች። እዚያ የተቀመጠው ልክ የሽሮ ሂሳብ ነበር። ጋሽ ተካ አማተበ፣ እኔ ቢስሚላህ አልኩ፣ ሙና ሽሮዋን ሳትነካ ወጥታ ሄደች። ማን ይፈርድባታል? እኔም የራሴን ሳልጨርስ ከፍዬ ወጣሁ።

ሙና የማትዋሽ ልጅ ናት። «ኮች፣ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ» ብላ ለአሰልጣኟ ተናገረች፤ አሰልጣኙ በሹክሹክታ ለሚስ ዶረቲ አደረሰ። ሚስ ዶረቲም ውሳኔዋን በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ አስታወቀች። ከፋዩ ካልተገኘና ለምን እንደከፈለ ካልታወቀ ሙና አትሮጥም። ሯጭ ስለሆነች ከፍሎላት ከሆነ ጥፋት ነው። ሯጭ ይሁን አይሁን ለማንም የሚከፍል ሰው ከሆነ ግን ምንም ችግር የለውም። የሊጉ ሻምፒዮና ቀርቦ ነበር፤ አሰልጣኙም እዚያ ያልሮጠች እንደሆነ የከርሞውን ስኮላርሺፕ እርሺው ብሏታል። ስኮላርሺፑ ከቀረ ቪዛውም ይቀራል። ልጅቷ ከሰች።

ከፋዩን ፍለጋ ወጣሁ። እስቲ ሀበሻን «አንተ ነህ ወይ የከፈልከው?» ብላችሁ ጠይቁ! ያልከፈለ አልከፈልኩም ይላል። የከፈለም አልከፈልኩም ይላል፤ ከተናገረማ ምኑን ከፈለ? የሁለቱም ፊት አንድ ነው። መስጊድ ጠየቅሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ጠየቅሁ፣ ኤርፖርት ተራ የሚጠብቀውን ሾፌር ሁሉ ጠየቅሁ። ሁሉም ጣራ ጣራ ያያል።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ሰውየው ካልተገኘ ልጅቷ አትሮጥም ብዬ አወራሁ። በማግስቱ ከተማው በሙሉ ከፋይ ሆነ! ከከተማ ወጣ ብሎ ስኔልቪል ቤት የገዛ አንድ ሐኪም «እኔ ነኝ» አለ። በሕይወቱ ለማንም ሻይ ጋብዞ የማያውቅ አንድ ቆንቋና ሳይቀር «እኔ ነኝ» ብሎ ደረቱን ነፋ። አንዱን ጋሽ ተካ «ሰውዬ፣ አንተ እኮ ያን ሰሞን አዲስ አበባ ነበርክ» ቢለው፣ «ታዲያ ቢሆንስ?» አለው። ሚስ ዶረቲ ሁሉንም በየተራ ቢሮዋ ጠርታ፣ በትዕግሥት አዳምጣ፣ ሁሉንም አመስግና አሰናበተች። አንዱንም አላመነችም። «ሰይድ፣ ራሴ እመጣለሁ» አለችኝ።

የመጣችበት ቅዳሜ የጥድ አበባ ቢጫ ብናኝ አገሩን የሸፈነበት ሰሞን ነበር። መኪናው ቢጫ፣ ደረጃው ቢጫ፣ የረገጠ ሁሉ ዱካው ይታያል። ጋሽ ተካ ሌላ ሰው እንዳይገባ በሩን ቆለፈ። ውስጥ ያለነው ሚስ ዶረቲ፣ ሙና፣ ጋሽ ተካ፣ እቴነሽና እኔ ብቻ ነን። ዝንብ እንኳ የለም። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ከዚያ ዝም ሲል ዝምታው ይብሳል። ሚስ ዶረቲ ሽሮ አዝዛ፣ ሹካውን ወደ ጎን አድርጋ፣ በጣቷ መብላት ጀመረች። ዓይኗ ግን ከካሸሩ ላይ አልተነቀለም።

እኔም አንድ ሐሳብ ይዤ ነበር የመጣሁት። ከፋዩ ለማንም የሚከፍል መሆኑ ነው መታወቅ ያለበት፣ አይደል? ታዲያ የሚስ ዶረቲን ሂሳብ እኔ በስውር ብከፍልላት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ማጭበርበር ነው ብትሉኝ አልከራከራችሁም። ያቺን የከሳች ልጅ ግን ያየኋት እኔ ነኝ። ሚስ ዶረቲ ናፕኪን ለማንሳት ጎንበስ ስትል፣ እጄን ልታጠብ የሄድኩ መስዬ ወደ እቴነሽ ጠጋ አልኩና፣ የፈረንጇን ሂሳብ ዝም ብለሽ ተቀበይኝ አልኳት።

እቴነሽ አፍጥጣ አየችኝ። «ጋሽ ሰይድ፣ ምን ነካዎት? ተከፍሎ የለ እንዴ!» አለች። ማን ከፈለ? ስቴኪኒውን አነሳች። ብሩ ታጥፎ ተቀምጧል። «እኔማ እርስዎ መስለውኝ…» ብላ ሳትጨርስ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ያለ ሐፍረት እናገራለሁ፣ ፈራሁ። የራሴ ብር ሳይከፈል እጄ ላይ ቀርቷል።

ሚስ ዶረቲ እጇን አንስታ ሂሳብ ጠየቀች። ተከፍሏል ተባለች። ፊቷ የብናኙን መልክ ያዘ። ተነስታ በሩን ፈተሸች፤ እንደተቆለፈ ነው። በመስታወቱ ደረጃውን ተመለከተች። ቢጫው ላይ የአምስታችን ጫማ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የወጣ ዱካ የለም፣ ስድስተኛ ዱካም የለም። የጓዳው በር በውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እጄ ላይ ያለውን ብር አየችው፤ አየሁ እንዳየችው። 

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና፣ ዝቅ ባለ ድምፅዋ፣ እኔ ሯጭ አይደለሁም አለች፤ ጉልበቴ በብረት የተሠራ ነው፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ ለአውቶቡስ እንኳ ሮጬ አላውቅም። ስለዚህ እዚህ የሚከፍለው ማንም ይሁን ማን፣ በሩጫ ምክንያት አይደለም የሚከፍለው። ሙና ንጹሕ ናት።

ሙና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ሄጄ ላቅፋት ተነሳሁና ቡስተር መሆኔ ትዝ ብሎኝ ቆምኩ። ሚስ ዶረቲ አየችኝና «ማቀፍ ይፈቀዳል» አለች።

ሙና ሮጠች፤ ሁለተኛ ወጣች፤ ስኮላርሺፑም ጸና። ሚስ ዶረቲ ግን ዕረፍት አጣች። ለካ የኮሌጅ ሠራተኛም ከማይታወቅ ሰው ስጦታ መቀበል አይችልም! ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ገብታ በራሷ ላይ ምርመራ ከፈተች። ከፋዩን እጅ ከፍንጅ ሳልይዝ ፋይሉን አልዘጋም ብላ፣ ይኸው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ካሸሩ አዙራ ሽሮዋን ትበላለች። ምርመራው ዓመት አልፎታል፤ እሷም እስከ ዛሬ አንዲት ቀን እንኳ ከፍላ አልወጣችም።