የማይቋረጥ ሲስተም ጣጣ

እኛ አገር ከሚሠራ ሰው ይልቅ የሚያልበው ሰው ይከበራል። ካላመናችሁኝ የቤታችሁን ቧንቧ ሠሪ አስቡት። በየሳምንቱ እየመጣ ያንኑ ቧንቧ የሚጠግነው ሰውዬ ቀስ በቀስ ዘመድ ይሆናል፤ ለበዓል ይጠራል፣ የልጆቹ ደኅንነት ይጠየቃል። አንዴ አጥብቆ ሠርቶ የሄደውን ግን ስሙን እንኳ የሚያስታውስ የለም። ይህን ጥበብ እኔ የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ ካሉት አሮጌ ፎቆች በአንዱ ውስጥ የኔትወርክ አስተዳዳሪ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። ቅጥሬ በኮንትራት ነበር፤ በየዓመቱ እስኪታደስ ድረስ ልቤ ተንጠልጥሎ ይከርማል። ምኞቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ቋሚ ሠራተኛ መሆን።

የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ እጁን የሚጠብቁት ዋናው ማሽን፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ማን እንደጫነው በማይታወቅ፣ ከየት እንደተቀዳም በማይጠየቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነበር የሚሠራው። እግዜር ይስጠው፣ ሰዓት አዋቂ ነበር። ረፋድ ላይ፣ ልክ ሰው ሻይ ሲያምረው፣ ቀጥ ይላል። በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ ባለጉዳይ ተንፍሶ ይቀመጣል፤ ሠራተኛው ወደ ኬክ ቤቶቹ ይበተናል። እኔ ከጠረጴዛ ሥር ገብቼ ከገመድ ጋር እታገላለሁ። ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ መድኃኒቱ አጥፍቶ ማብራት ነበር። ግን አቧራ ለብሼ ስወጣ ሲያዩኝ «ኢንጂነርዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» ይሉኛል፤ ማኪያቶም ይላክልኛል።

ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ አላውቅም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው አይደል የሚባለው? ቋሚ የሚያስደርገኝ ሙያዬ ነው ብዬ አንድ እሑድ ሰርቨሩን ወደ ሊኑክስ ቀየርኩት። ሊኑክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በነፃ ይገኛል፣ ጠንካራ ነው፣ ሻይም አያምረውም።

ሰኞ አልተቋረጠም። ማክሰኞም። ከእሪ በከንቱ የመጡ አንድ ሽማግሌ ለመመላለስ ተሰናድተው ሳለ ማስረጃቸው ወዲያው ታትሞ ሲሰጣቸው፣ መነጽራቸውን አውጥተው ማኅተሙን መረመሩና ወደ መስኮቷ ልጅ መለሱት። ተሳስታ እንዳይሆን ደኅና አድርጋ እንድታየው ለመኗት።

ሠራተኛው አኮረፈ። የመስኮቶቹ አንጋፋ ወይዘሮ አልማዝ፣ እኔን ከልጃቸው ለይተው የማያዩኝ ሴት፣ ወደ ክፍሌ መጥተው በሩን ዘጉ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገርሽ ትንሽ እንኳ አያርፍም?»

«የቱ ነው እትዬ?»

«ሲስተምሽ ነዋ። እኛ እኮ ሰው ነን።»

ማኪያቶው መምጣቱን አቆመ። የባሰው ደግሞ የሥራ አስኪያጁ የአቶ ግርማ ነገር ነው። በክፍሌ ባለፉ ቁጥር ቁጭ ብዬ ያገኙኛል። አንድ ቀን ቆም ብለው ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሰርቨሩ እንዳይበላሽ እየተከታተልኩ መሆኑን አስረዳኋቸው።

«ላልተበላሸ ነገር ጠባቂ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። ቅን ሰው ናቸው፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

ኮንትራቴ ሳይታደስ ቀረ። የተሰጠኝ ምክንያት ሲስተሙ ችግር ስለሌለበት ባለሙያ አያስፈልገውም የሚል ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት እኔን ነው። ከፋኝ፣ በጣም ከፋኝ። የዚያን ዕለት ሥላሴ ግቢ ገብቼ ሰው ሳያየኝ አለቀስኩ።

በእኔ ቦታ አንድ ትጉህ ወጣት ተቀጠረ። ወይዘሮ አልማዝ ደውለው እንዳጫወቱኝ ከሆነ ልጁ ሊኑክስ ስለማያውቅ የድሮውን መልሶ ጫነው። ከጠረጴዛ ሥር አይወጣም አሉ፤ ላቡ ጠብ እስኪል ይለፋል። ዓመት ሳይሞላው ቋሚ አደረጉት። ይኸው አሁን ደግሞ ሥራ በዛበት ተብሎ ረዳት ሊቀጠርለት ማስታወቂያ ወጥቷል።

አመልክቻለሁ። ችሎታ በሚለው ቦታ ላይ ግን ሊኑክስን አልጻፍኩም።